የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ

ጥቅምት 14

ለድንቢጥ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ሰላምታ ይቀድማል ብዬ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሰላም ላንቺ ይሁን። እንደምን ከርመሻል? አሁን ሐኪም፣ ያውም የሐኪሞች አስተማሪ ሆነሽ ሳለ በዚህ ስም መጥራቴን ካልወደድሽው ጻፊልኝና አርማለሁ። ለእኔ ግን ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠሽ እግርሽ መሬት የማይነካው ያቺው ድንቢጥ ነሽ።

ስለ ባለቤቴ የላክሽልኝ ጥያቄ ሦስት ነው። በቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

አንደኛ፣ መቼና እንዴት ወደቀች? መስከረም 22 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። ባለቤቴ አዲስ የሰፋችውን መጋረጃ ለመስቀል ወንበር ላይ ወጣች። እኔ እዚያው ክፍል ጋዜጣ አነብ ነበር። «ያዝልኝ» አለችኝ። «አንቀጹን ልጨርስ» አልኳት። ወንበሩ ተንሸራተተ፤ በአገጯ የመስኮቱን ደፍ መታችና አንገቷ ወደ ኋላ ተቀለበሰ። አንቀጹ ስለ ምን እንደነበር ዛሬ አላስታውስም።

ሁለተኛ፣ ሐኪሞቹ ምን አሉ? አጥንቷ አልተሰበረም፤ አንገቷ ላይ ኅብለ ሰረሰሯ ግን ተጎድቷል አሉ። ሦስት ሳምንት ሆናት። እግሯን በጥቂቱ ታንቀሳቅሳለች፤ መቆም አትችልም። የነርቭ ቀዶ ሐኪሙን ስጠይቀው «ጊዜ ያሳየናል» ይለኛል። ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት፣ ሦስቱንም ጊዜ ያንኑ መለሰልኝ። ይህ መልስ አይደለም። ተማሪ እንዲህ ቢጽፍልኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

ሦስተኛ፣ ፈቃዷን ሰጥታለች ወይ? ሰጥታለች። ወረቀቱ ከምስሉ ዲስክ ጋር በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። እጇ ገና ስለደከመ ነርሷ አውራ ጣቷን ይዛ በአሻራ አስፈረመቻት። ባለቤቴም «አርባ ዓመት ከመምህር ጋር ኖሬ በመጨረሻ መሃይም ሆንኩ» ብላ ነርሷን አሳቀቻት።

አሁን የእኔ ተራ ነው። አንቺ ባለሽበት ሆስፒታል የኅብለ ሰረሰርን ምስል አይቶ ማን እንደሚያገግም አስቀድሞ የሚናገር ጥናት አለ፣ የምትመራውም አንቺ ነሽ ሲሉ ሰማሁ። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፦ ትራመዳለች ወይስ አትራመድም? በስልክ አትንገሪኝ፤ በስልክ የተባለ ነገር አይታረምም። የክፍላችንንም ደንብ አትረሺውም፦ የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ፤ ትርፍ ነገር ማርክ ያስቀንሳል።

መምህርሽ


ኅዳር 3

ለተከበሩ መምህሬ፣

ጋሼ፣ ሰላምታዬ ከነይቅርታዬ ይድረስዎ። ዲስኩ ከደረሰኝ አሥራ አንድ ቀን ሆነ፤ ዘገየሁ። ስለ ስሜ አይጨነቁ፣ ድንቢጥ ይበሉኝ። እዚህ እንዲህ የሚጠራኝ ሰው የለም። ፖስታውን ስከፍት ጎንበስ ብዬ እግሬ መሬት መንካቱን አየሁ።

እትዬ እንዴት እንደወደቁ ሳነብ ከቢሮዬ ወጥቼ ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። ከዚያ ተመልሼ ምስሉን ከፈትኩ።

«ለምን አሁኑኑ አትነግሪኝም?» ቢሉኝ፣ ምክንያቱ ይኸው። የላኩልኝ የተለመደው ኤም አር አይ ነው። የተጎዳውን ያሳያል፤ እኛ ግን አጥብቀን የምንፈልገው የተረፈውን ነው። ኅብለ ሰረሰር ሲጎዳ መሀሉ ላይ ነጭ ጠባሳ ይታያል። ከጠባሳው ፊትና ኋላ አንዳንዴ ቀጭን ጤነኛ ክፍል ይተርፋል፤ «ድልድይ» እንለዋለን፣ ወርዱንም በሚሊሜትር እንለካለን። ሌላም ዓይነት ምስል አለ፤ በነርቭ ክሮች ውስጥ ያለው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል። ክሩ ደኅና ከሆነ ውሃው በክሩ አቅጣጫ ይጓዛል። ክሩ ከተበጠሰ ውሃው በየአቅጣጫው ይበተናል። ይህን ለእትዬ ያንብቡላቸው፤ የክር ነገር ከእርስዎ ይልቅ ለእሳቸው ቶሎ ይገባቸዋል።

ስለዚህ ምስሉ እንደገና መነሳት አለበት፤ አሁን እብጠቱ ስለሚያሳስት በወሩ መጨረሻ ይሁን። ለማሽኑ ባለሙያ መመሪያ፣ ለእርስዎ ደግሞ የሚሞላ ቅጽ አያይዤአለሁ። ሁሉንም ጥያቄ ይመልሱልኝ፣ የማይረባ የሚመስለውንም።

ድንቢጥ


ኅዳር 29

ድንቢጥ፣

እንደምን አለሽ? ከሆስፒታል ወጥተን ቤት ገብተናል፤ በተቀመጥንበት አለን፤ ባለቤቴ ይህን ስጽፍ አይታ «እኔ ነኝ በተቀመጥኩበት ያለሁት፣ አንተ መቼ ትቀመጣለህ» አለች።

ቅጹን ሞልቻለሁ፤ አሥራ አራት ጥያቄ፣ አሥራ አራት መልስ። ሰባተኛው የታማሚዋን ሥራ፣ ስምንተኛው በየትኛው እጅ እንደምትሠራ ይጠይቃል። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኝ እጇ ነው። ይህ ከመራመድ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም። ግን ጥያቄ ጥያቄ ነው፣ መለስኩ።

ምስሉ ትናንት ተነሳ። የማሽኑ ባለሙያ መመሪያሽን ሁለት ጊዜ አንብቦ ራሱን አከከ። «እንዲህ ዓይነት ቁጥር አስገብቼ አላውቅም» አለኝ። «አንተ ያላወቅኸው ስህተት ነው ማለት አይደለም» አልኩት። ባለቤቴ አልጋው ላይ እንደተጋደመች «ልጄ፣ አይዞህ። ይሄ ሰውዬ ጡረታ የወጣው በወረቀት ብቻ ነው» አለችው። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ቆየች። ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ ሰዓት ያዝኩ። ስትወጣ እንዴት እንደነበር ጠየቅኋት። «አንድ ሺህ ሰፊ አናቴ ላይ መኪናውን አስነሳብኝ። አንዳቸውም ቀጥ አድርገው አይሰፉም» አለች።

ሌላው ዜና፣ እንቅስቃሴ የምታለማምዳት ፊዚዮቴራፒስት በሁለት ብረት መሀል አቆመቻት፤ አሥራ ሰባት ሰከንድ። ለዚህ አዲስ ደብተር ገዝቼ ሠንጠረዥ አሥምሬያለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ኩባያ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። ሐሳቧን ካልሰበሰበች እንደማይሆን ነገርኳት። እጇን ጋቢዋ ውስጥ ደበቀች።

በቅጹ ግርጌ «ሌላ የሚጠይቁት ነገር ካለ» ብለሽ ባዶ መስመር ትተሻል። የለም። ጥያቄዬ ያው ነው።

መምህርሽ


ታኅሣሥ 16

ጋሼ፣

ለእርስዎም ለእትዬም ጤና እመኛለሁ። ምስሉ በጥሩ ሁኔታ ተነስቷል፤ ራሱን ያከከውን ባለሙያ ያመስግኑልኝ። ሁለት ባልደረቦቼ ሳይነጋገሩ ለየብቻ ለኩት፤ ሦስተኛ ሆኜ እኔ ለካሁ። ቁጥራችን ገጠመ።

የጠየቁኝን እመልሳለሁ። በጥናታችን ውስጥ እንዲህ ዓይነት ምስል ከነበራቸው መቶ ሰዎች ሰማንያው በአንድ ዓመት ውስጥ ከቤታቸው ወጥተው ተራምደዋል። አንዳንዱ በምርኩዝ፣ አንዳንዱ ያለምርኩዝ።

መራመድ ብቻውን ግን ሁሉ ነገር አይደለም።

ድንቢጥ


ታኅሣሥ 25

ለድንቢጥ፣ ለጎበዟ ተማሪዬ፣

ሰማንያ! በእኔ ዘመን ሰማንያ ያመጣ ተማሪ ስሙ በሰልፍ ላይ ይጠራ ነበር። ደብዳቤሽን ለጎረቤት አነበብኩ፣ ለመድኃኒት ቤቱ ባለቤት አነበብኩ፣ ለነርሷ ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ባለቤቴ ብቻ ናት የማትሰማኝ። «ላም አለኝ በሰማይ» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። መጋረጃው እስከ ዛሬ አልተሰቀለም።

ደብዳቤሽን አርሜ ቅጂውን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ዘጠኝ ተኩል ከአሥር። ግማሽ የቀነስኩት ለመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። አልተጠየቀም፤ በቀይ ሰርዤዋለሁ። ቅር አይበልሽ፣ ልማድ ነው። እናንተ ከኋላዬ «ግማሽ» ትሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። ባለቤቴም ስትናደድ የምትጠራኝ በዚሁ ስም ነው።

አሁን ግራ ወደገባኝ ነገር ልምጣ። ፐርሰንት ለሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ከመቶ ብርቱካን ሰማንያው ደኅና ነው ሲባል ይገባኛል። ባለቤቴ ግን መቶ አይደለችም፣ አንድ ናት። አንዷን ሴት እንዴት አድርጌ ሰማንያ ከመቶ ላድርጋት? ከሳምንቱ አምስት ቀን ተኩል ትራመዳለች ማለት ነው? ቀኝ እግሯ ሄዶ ግራው እቤት ይቀራል? ከሰማንያዎቹ ናት ወይስ ከሃያዎቹ? ደግሞስ ቁጥሩ በትጋት ከፍ ይላል? አልጋ ላይ ተቀምጣ የምታደርገውን እንቅስቃሴ በቀን ከሁለት ጊዜ ወደ አራት አሳድጌዋለሁ። ይህን ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደምታስረጂ ሆነሽ ጻፊልኝ።

መምህርሽ


ጥር 9

ጋሼ፣

የታረመው ደብዳቤ ቅጂ ደረሰኝ። ያልተጠየቅሁትን በመጻፌ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከእንግዲህ እጠነቀቃለሁ።

ከሰማንያዎቹ ናቸው ወይስ ከሃያዎቹ ላሉኝ፣ አላውቅም። ምስሉም አያውቅም። መቶ ሰው የቆመበት ሜዳ ያሳየኛል፤ እትዬ እዚያ ውስጥ የት ጋ እንደቆሙ አያሳየኝም። የሚራመዱት በዝተው ስላየሁ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከዚያ በላይ ብናገር ውሸት ይሆንብኛል።

በትጋት ከፍ ይላል ወይ ላሉት፣ ቁጥሩ ማርክ አይደለም። ማርክ ለተሠራ ሥራ ይሰጣል፤ ይህ ገና ስላልተሠራ ነገር የተገመተ ግምት ነው። ይትጉ፤ ለቁጥሩ ብለው ግን አይትጉ። አራት ጊዜውን ወደ ሦስት ይመልሱት፤ ይደክማቸዋል።

ሌላ ጥያቄ ካለዎት፣ ስለ ማንኛውም ነገር፣ እባክዎ ይጠይቁኝ።

ድንቢጥ


የካቲት 18

ድንቢጥ፣

ሰላምታዬን በአጭሩ ተቀበዪ፤ አእምሮዬ አልተረጋጋም።

በኋላ በላክሽው አጭር ቅጽ ማን እንደሚያለብሳት ጠይቀሽኛል። እኔ አለብሳታለሁ፤ ቁልፏንም እኔ እቆልፋለሁ። ማን እንደሚያጎርሳት ጠይቀሽኛል። ማንኪያ ላይ ጨርቅ ጠቅልለንላት ራሷ ትሞክራለች፤ ሲሰለቻት እኔ አለሁ። ለጥናትሽ ከሆነ በመዝገብ ያዢው። እኔ ግን ልነግርሽ የፈለግሁት ሌላ ነው።

ትራመዳለች! ጥር 30 በብረቱ መሀል አሥራ አንድ እርምጃ። የካቲት 6 በምርኩዝ፣ ምርኩዙ ክንዷ ላይ ታስሮላት፣ አርባ አራት። ትናንት ከአልጋዋ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ጎረቤት አጥር፣ ደርሶ መልስ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ሠንጠረዡ ሞልቶ ሁለተኛ ደብተር ጀመርኩ። ታዲያ እሷ ለምን ደስ አይላትም?

ያልገቡኝን ነገሮች እነሆ። ትልቁን መቀሷን፣ ማንም እንዳይነካው የምትከለክለውን፣ ለጎረቤት ልጅ ሰጠች። ደንበኞቿ ያስቀመጡትን ጨርቅ በየቤቱ መልስ አለችኝ። መለስኩ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ብቻ አልቀበልም አለ፤ ካፖርቱ አንድ እጅጌ ብቻ ነው ያለው። «ባለ አንድ እጅጌ ካፖርት ለብሼ መድኃኒቱን በግማሽ ዋጋ ልሸጥ ነው?» አለኝ። ካፖርቱ ከነስፒሉ ተመልሶ የስፌት መኪናዋ ላይ ተሰቅሏል።

«ክረምቱ ሳይገባ ካፖርቱን ማጠናቀቅ ትችያለሽ፤ ሰማንያ እኮ ነው ያገኘሽው» አልኳት። አየችኝ። አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። «ግማሽ፣ ሂድ እርምጃህን ቁጠር» አለችኝ። እርምጃው የእሷ፣ ቁጥሩ የእኔ። ምን በድያለሁ?

አንድ የመጨረሻ ነገር። ባለፈው ሳምንት በአንቺ እጅ ጽሕፈት ለባለቤቴ የተላከ ፖስታ መጣ። የሰው ደብዳቤ አልከፍትም፤ ለፊዚዮቴራፒስቷ ሰጠኋት፣ በሩን ዘግታ አነበበችላት። ስገባ ሁለቱም ስለ አየሩ ማውራት ጀመሩ። ምን ጻፍሽላት? ለእኔ ያልነገርሽኝ ነገር አለ?

መምህርሽ


መጋቢት 2

ጋሼ፣

ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን ለባልደረቦቼ ነገርኳቸው፤ አጨበጨቡ።

ስለ ፖስታው አልመልስልዎትም። ደብዳቤው የእትዬ ነው። እሳቸውን ይጠይቋቸው።

ለእርስዎ ያልነገርኩት ነገር አለ ወይ ላሉኝ፣ የጠየቁኝን ሁሉ መልሻለሁ። ይህ መልስ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ደብዳቤዎቼን ሁሉ ያስቀምጣሉ፤ አውቅዎታለሁ። ታኅሣሥ ላይ የጻፍኩትን ያውጡና ቀይ መስመሩ ያለበትን ያንብቡ።

ድንቢጥ


መጋቢት 11

ድንቢጥ፣

ዛሬ ሰላምታውን ልለፈው።

ደብዳቤሽ በደረሰ ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጓሮ ሆኜ ደብተሬን ሳሰላ የስፌት መኪናው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ከመስከረም ወዲህ ያልሰማሁት ድምፅ ነው። ደብተሩን ጥዬ ሮጥኩ። «አላልኩሽም!» እያልኩ ነው የገባሁት።

መኪናው ፊት ተቀምጣለች። እግሯ ፔዳሉን ይረግጣል፤ እንደ ድሮው፣ ሳይዛነፍ። መርፌው ይወጣል ይወርዳል። ከመርፌው በታች ጨርቅ የለም። ክርም የለም። ሁለቱ እጆቿ ጭኗ ላይ ተኝተዋል፤ ጣቶቿ እንደ ታጠፈ ወረቀት። እኔን ስታይ እግሯን አላቆመችም።

«እግሬ ድኗል» አለችኝ። «ሰማንያህን እይ።»

ወንበሩ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። እነዚህን እጆች በየቀኑ አያቸዋለሁ። ቁልፍ ቆልፌላቸዋለሁ። ኩባያ ሲጥሉ ተቆጥቻቸዋለሁ። በደብተሬ ውስጥ አንድም መስመር የላቸውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ነርሷ ታውቃለች፣ ፊዚዮቴራፒስቷ ታውቃለች፣ መቀሱን የወሰደችው የጎረቤት ልጅ እንኳ ታውቅ ነበር። ቅጽሽ ላይ ሥራዋን ጠይቀሽኝ «ከመራመድ ጋር ምን ያገናኘዋል» ብዬ የጻፍኩ እኔ ነኝ።

የታኅሣሡን ደብዳቤ አወጣሁ። መስመሩ በጣም ቀጥ ያለ ነው፤ በማስመሪያ ነው የሰረዝኩት።

አሁን ጥያቄዬን አስተካክላለሁ። እጇ ይመለሳል ወይ?

መምህርሽ


መጋቢት 22

ጋሼ፣

ይህን የምጽፍልዎ በእትዬ ፈቃድ ነው። ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ስልክ ደወልኩላቸው፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያደረገችላቸው ፊዚዮቴራፒስቷ ናት። «ጠየቀሽ? በመጨረሻ ጠየቀ?» ብለው ብዙ ሳቁ። ከዚያ «ንገሪው» አሉኝ።

መልሱ ይህ ነው። የውሃውን አካሄድ በሚያሳየው ምስል ላይ ወደ እጅ ከሚሄዱት ክሮች ብዙዎቹ ተበጥሰዋል። እንዲህ ዓይነት ምስል ከነበራቸው መቶ ሰዎች ዓመት ሲሞላ መርፌና ቁልፍ የሚያህል ነገር ወደ መያዝ የተመለሱት አሥራ ሁለት ናቸው። ኩባያ በሁለት እጅ መያዝ የቻሉት ከግማሽ ይበልጣሉ። ይህን ከታኅሣሥ ጀምሮ አውቃለሁ።

ጥር ሲያልቅ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ጽሕፈቱ የፊዚዮቴራፒስቷ፣ ቃሉ የእትዬ። እንዲህ ይላል፦ «እግሬን ተዪው፣ እሱ ይቁጠረው። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እችላለሁ ወይ? ለእኔ ብቻ መልሺ። ለእሱ አትንገሪው። ወንበሩን ባለመያዙ ከመስከረም ጀምሮ ሲያልቅ አይቻለሁ፤ ሰው ሆኖ ያየሁት ያንቺ ሰማንያ ከመጣ ወዲህ ነው። ጥቂት ይደሰት።» እውነቱን ጻፍኩላቸው። የካቲት ላይ ያዩት ፖስታ እሱ ነው።

ጋሼ፣ የክፍሉን ደንብ ያወጡት እርስዎ ነዎት፤ ጥፋቱን ግን ለእርስዎ ብቻ አልተውም። እኔ ሐኪም ነኝ። በየቀኑ ሰዎች ፊት ተቀምጬ መጠየቅ የፈሩትን እመልሳለሁ። የእርስዎ ቀይ እስክሪብቶ ሲመጣ ግን፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ እግሬ መሬት አልነካ አለ። በየደብዳቤው ግርጌ «ይጠይቁኝ» እያልኩ መለመን ቀለለኝ።

ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ እጠይቃለሁ። ይህንንም ሊያርሙት ይችላሉ።

ድንቢጥ


ግንቦት 6

ለድንቢጥ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ለመልስሽ ይህን ያህል መዘግየቴ የደብዳቤን ጨዋነት ረስቼ አይደለም። ሥራ ላይ ነበርኩ።

የታኅሣሡን ደብዳቤ ማርክ አስተካክያለሁ፦ አሥር ከአሥር። ግማሹ ከእኔ ላይ ይቀነስ። ይቅርታ ለጠየቅሽኝ፣ ማን ማንን ይቅር እንደሚል ለሁለት ሳምንት አሰብኩበትና መልሱን አጣሁት። እናቻችለው።

«እሳቸውስ እንዴት ናቸው፣ እርስዎስ ምን አሏቸው?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ብዙ አላልኩም። አሥራ ሁለት መሆኑን እንደማውቅ ነገርኳት። «ታዲያ አሁን ምን ትቆጥራለህ?» አለችኝ። ምንም አልኩ። ደብተሩን ሰጠኋት። «ለስፌት ሥራ መለኪያ ወረቀት ይሆናል» ብላ በክርኗ ገፋ አድርጋ አስቀመጠችው።

ከዚያ ስለ ካፖርቱ ተነሳ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት በመጣ ቁጥር አንድ ክንዱን አጥፎ ሰላምታ ይሰጠናል። ባለቤቴ አንድ ቀን «ና እዚህ ተቀመጥ» አለችኝ። ወንበሬን ከወንበሯ አስጠጋሁ። እሷ በእግሯ ፔዳሉን ትረግጣለች፤ እኔ በእጄ ጨርቁን እመራለሁ። ክሩን መርፌ ውስጥ ያስገባሁት በዘጠነኛው ሙከራ ነው። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ቾክ የያዘ እጅ እንዲህ ይንቀጠቀጣል?» አለች። እኔ ስፈጥን እሷ ትዘገያለች፤ እኔ ስዘገይ እሷ ትፈጥናለች። ጨርቁ ሲጣመም «ተርትረው» ትለኛለች። ተርትሬ እንደገና እጀምራለሁ። ይህች ሴት መምህር ብትሆን ኖሮ ከክፍሏ የሚያልፍ አይኖርም ነበር።

እጅጌው አሥራ ሦስት ቀን ፈጀ፤ አምስት ጊዜ ተተርትሯል። ሲያልቅ አገላብጣ አየችው፤ በእጇ ጀርባ ነው የምታገላብጠው። «ከአሥር ሦስት» አለች። ቢያንስ ግማሽ ትጨምርልኝ ዘንድ ለመንኳት። «ትርፍ ነገር ማርክ ያስቀንሳል» አለችኝና ሳቀች። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ለበሰው። አንዱ እጅጌ ከሌላው ትንሽ ይረዝማል፤ እሱ አላየም፣ እኛ አልነገርነውም።

የተረተርነውን ክር በዚህ ፖስታ ውስጥ ልኬልሻለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አሁንም ከመቶዎቹ መሀል የት ጋ እንደቆመች አላውቅም፤ አንዳንድ ጠዋት ሌባ ጣቷ ይንቀሳቀሳል፣ በማግስቱ አይንቀሳቀስም። አልመዘግብም። ግራ ገብቶኝ መቀመጥን ከዚህ ዕድሜ በኋላ እየተማርኩ ነው። አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሻለሁ፦ ከእንግዲህ ያልጠየቅሁሽንም ጻፊልኝ።

ትናንት መጋረጃውን ሰቀልነው። ከመስከረም ጀምሮ ታጥፎ ተቀምጦ ነበር። ወንበሩ ላይ ወጣሁና «ያዢልኝ» አልኳት።

«አንቀጹን ልጨርስ» አለችኝ።

ወደ ታች አየሁ። ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ በጣቶቿ መያዝ ስለማትችል ሙሉ ሰውነቷን ወንበሩ ላይ ጥላ፣ በሁለት ክንዷ እግሬን አቅፋ ቆማ ነበር።

መምህርሽ